ዕርገተ ቤንዚን

የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ በሚጠመዘዘው ጎዳና ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ፣ በከተማይቱ ካሉት ማደያዎች በአንዱ ፊት ቆሞ መንግሥታችን ለእያንዳንዷ የነዳጅ ሊትር ያለውን አባታዊ ጥንቃቄ ቢመለከት፣ ምስጋና እንጂ ማማረር ከአፉ ሊወጣ አይገባም ባይ ነኝ። ከጅቡቲ በቦቴ ተጭና የምትመጣው ይህች ሊትር ዋጋዋ በንግድ ሚኒስቴር ይታወጃል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሒሳቧ በቴሌብር ወይም በመሰል ዲጂታል መንገድ ካልተከፈለ አትቀዳም፤ ድጎማ ሲኖራት ድጎማው የማን እንደ ሆነ በሰሌዳ ቁጥር ተለይቶ ይታወቃል፤ በሌሊት በጄሪካን ሆና ስትሄድ የተገኘች እንደ ሆነም ፖሊሱ፣ የንግድ ጽሕፈት ቤቱና ደንብ አስከባሪው በአንድ ልብ ተሰብስበው እንደ ጠፋች በግ ይመልሷታል።

ይህ ሁሉ ዐይን ግን የሚያየው እስከ ኮንክሪቱ ድረስ ነው። ከኮንክሪቱ በታች ያለው ግዛት ነጻ ግዛት ነው፤ እዚያ ሰልፍ የለም፣ ቴሌብር የለም፣ ኮታ የለም፣ የዋጋ ማስተካከያም አይደርስበትም፤ ከዛገ ታንከር ሥር በቀስታ የምትንጠባጠብ ሊትር ያለ ደረሰኝና ያለ ወረፋ፣ በሌሊትም ሆነ በበዓል፣ ወደ ወደደችው አቅጣጫ ትሄዳለች። በሀገራችን ነጻ ገበያ የለም የሚሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት እስኪ ወርደው ይመልከቱት።

ማለዳ የማደያው ሠራተኛ የታንከሩን ክዳን ከፍቶ፣ ረጅሙን የመለኪያ ዘንግ በጨርቅ ወልውሎ፣ ውሃ ሲነካው የሚቀላውን ቅባት ጫፉ ላይ ቀብቶ ወደ ጨለማው ሲሰድደው፣ ቀጥሎም ስቦ አውጥቶ ከረጠበው መሥመር ላይ ሴንቲ ሜትሩን ሲያነብ ላየ ሰው፣ የምርመራው ጥልቀት ያስደንቀዋል። የቅባቱ ምሥጢር ግልጽ ነው፤ ውሃ ወደ ቤንዚኑ የገባ እንደ ሆነ የደንበኛው መኪና ገና የደብረ ሲናን ዳገት ሳታጋምስ ቀጥ ትላለች፣ ባለቤቷም ተመልሶ መጥቶ አገር ይያዝልኝ ይላል። ቤንዚን ወደ ውሃው መግባቱን የሚያስታውቅ ቅባትስ? እርሱ አላስፈለገም፤ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ገበሬ ሞተር የለውምና መንገድ ላይ ቀጥ አይልም፤ ቢታመምም በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለ ሆነ ቅሬታውን ወደ ማደያው ይዞ የሚመጣበት ምክንያት አይኖረውም።

ዘንጉ ያነበበው ከተሸጠው ጋር ተነጻጽሮ ጥቂት የጎደለ እንደ ሆነ ደግሞ፣ በዓለም ላይ ላሉ የማደያ መዝገቦች ሁሉ የጋራ የሆነ አንድ መጽናኛ አለ፤ እርሱም ትነት ነው። በይፋት ይህ ትርጓሜ ማንም የማይከራከረው ነው፤ ሙቀቱን የማያውቅ የለምና «መቼስ ቆላ አይደለም እንዴ!» የተባለ እንደ ሆነ ነገሩ ያበቃል። ከምድር በታች የተቀበረ ታንከር ፀሐይ እንደማያየው፣ በዙሪያው ያለውም አፈር በጋ ከክረምት እምብዛም የማይለዋወጥ መሆኑን ማንሳት ተራ ነገረኝነት ነው። ስለዚህም ከጥንተ ፍጥረት ጀምሮ ፈሳሽ ሁሉ ቁልቁል ሲወርድ የኖረ ቢሆንም፣ የጎደለው ቤንዚን ብቻ በመዝገብ ላይ ወደ ሰማይ ያርጋል።

የሚያርግበትም ስፍራ በጥበብ የተመረጠ ነው። በሸዋ ሮቢት የሚያልፈው ይህ ጎዳና በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ከተሠራው ከአሰብ ማጣሪያ ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወጡበት ጎዳና ነበረ፤ በእንዲህ ያለው ጥንታዊ የመኪና መንገድ ዳር የሚቀበር ብረት ደግሞ በእርጥበትና በጨው እየተበላ፣ የቀበሩት ሰዎች ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ በሥራ ላይ ይቈያል። ከሥሩ ያለውም ሜዳ ሮቢ፣ ጀውሃና አታዬ የተባሉት ወንዞች ከገደሉ ላይ እየጠረጉ ለዘመናት ያነጠፉት አሸዋና ጠጠር ነውና ያፈሰሱበትን ሁሉ ሳይጠይቅ ያሳልፋል፤ የቀወት ወረዳ ሽንኩርትና ማሾ የሚለመልመውም በዚያው ሜዳ ላይ ነው። ለሒሳብ ወዳጆች ያህል፦ ቤንዚን ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቤንዞል የተባለውን፣ ካንሰር አምጪነቱ የታወቀውን ቅመም ቢይዝ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ከ7 ግራም በላይ ይገኛል ማለት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው በሊትር የአንድ ግራም አንድ መቶ ሺኛ ብቻ ስለ ሆነ፣ ያቺ አንዲት ሊትር 700,000 ሊትር ውሃ ከልክ ለማድረስ ትበቃለች። እንዲህ ያለ በረከት ያለው ሸቀጥ ከቶ ወዴት ይገኛል?

አሜሪካኖች በዚህ ነገር ራሳቸውን እንዴት እንዳዋረዱ የሚያሳዝን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቀበሩ ታንከሮችን የሚመለከት ሕግ አወጡ፤ በ1986 በየጋሎኑ የሳንቲም አንድ አሥረኛ ቀረጥ ጥለው የጽዳት ፈንድ አቋቋሙ፤ አሮጌ ታንከር ያለው ሁሉ እስከ 1998 መጨረሻ ወይ እንዲያድስ ወይ እንዲዘጋ ቀን ቈረጡለት፤ በመጨረሻም ያፈሰሰውን ቦታ ሁሉ እየዞሩ ቢቈጥሩት ከ500,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ቈጥረው ባያውቁት ኖሮ ይህ ሁሉ ውርደት ባልደረሰባቸው! እኛ ግን ያላዩት አገር አይናፍቅም ባለው የአባቶች ጥበብ ጸንተን ስለምንኖር፣ መዝገባችን ከማንኛውም እንከን የነጻ ነው።

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዝዛል፤ መርማሪው ያለ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማንኛውም ግቢ መግባት ይችላል፤ ጉዳቱ በቀጥታ ያልነካው ሰው እንኳ አቤት ማለት ተፈቅዶለታል። የሚጎድለው አስፈጻሚው ቤት እስኪረጋጋ መጠበቅ ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በመጀመሪያ ባለሥልጣን ነበረ፣ ከዚያ የአካባቢና ደን ሚኒስቴር ሆነ፣ ከዚያ የአየር ንብረት ለውጥ በስሙ ላይ ተጨመረለት፣ ከዚያ ኮሚሽን ተባለ፣ ዞሮም ወደ ባለሥልጣንነቱ ተመለሰ። የተቀበረ ታንከር በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ እንኳ ስሙን አልለወጠም፤ ከሁለቱ የጸናው ማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እንግዲህ አንዲት የይፋት እናት የጉድጓዳቸው ውሃ ነዳጅ ነዳጅ ቢሸታቸውና ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤት ቢሄዱ፣ «እማማ፣ ውሃው ደኅና ውሃ ነው፤ ሽታው ግን የነዳጅ ስለ ሆነ ንግድ ቢሮ ይሂዱ» ይባላሉ። ንግድ ቢሮም በአክብሮት ወንበር ስቦ ካስቀመጣቸው በኋላ፣ «እኛ የምንቈጣጠረው ሰልፉንና ዋጋውን ነው፤ መሬት ውስጥ የገባ ነገር የአካባቢ ጥበቃ ነው» ይላቸዋል። በአካባቢ ጥበቃ የተቀመጠው ወጣት ባለሙያ ደግሞ ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ ያውቀዋል፣ ልቡም ቀና ነው፤ ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከትናንት ጀምሮ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ናት፤ «ስለዚህ እማማ፣ ለምርመራ የሚሆን ናሙና ራስዎ ይዘው ይምጡልን»።

እማማም ታዝዘው፣ ከጉድጓዳቸው በቢጫ ጄሪካን ቀድተው፣ በባጃጅ ተሳፍረው ሲመጡ ኬላው ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ይሸተታል። ያን ጊዜ ለዓመታት ያልተገናኙት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ እማማ ያለ ፈቃድ ነዳጅ በጄሪካን ሲያጓጕዙ እጅ ከፍንጅ ተይዘዋልና። የትም ተቀባይ ያልተገኘለት ናሙናም በዚያው ዕለት በሦስት ፊርማ ተመዝግቦ፣ በላስቲክ ታሽጎ፣ ቍጥር ተሰጥቶት ወደ ኤግዚቢት ክፍል ይገባል።