ለኖራ ግንብ ኦርጋን

የዘንድሮ ሰው ግንብ ለማደስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኦርጋን ሆኗል። ግንበኛ ቢጠፋ ይጠበቃል፤ ድንጋይ ጠራቢ ቢጠፋ «ይገኛል» ይባላል፤ ኦርጋን ተጫዋቹ «መብራት የለም» ያለ እንደሆነ ግን ኮሚቴው በሙሉ ጀነሬተር ፍለጋ ከተማውን ያስሳል።

ከጎንደር ወደ ዳባት ሲወጡ ያለ አንድ የጥንት ደብር፣ ስሙን እንኳ አልጠራም፣ ቅጥሩ ተሰነጠቀ፣ ጣሪያውም አፈሰሰ ተባለና የገቢ ማሰባሰቢያ ተጠራ። እኔም ሽማግሌ ነኝና ከፊት ወንበር ተሰጠኝ። ክብር መስሎኝ ነበር። ለካስ ከቁመቴ የሚበልጥ ጥቁር ድምፅ ማጉያ ከጎኔ ተገትሯል። የተደገፈው የት ላይ ነው ቢሉ፣ እድሳት በሚለመንለት በዚያው ቅጥር ላይ! ድም ባለ ቁጥር ከስንጥቁ ውስጥ ያ የጥንት ኖራ እየተፈረፈረ ይወርዳል። ገንዘቡ በመድረክ በኩል ሲገባ ግንቡ በእኔ ጋቢ ላይ ይወጣል።

ኦርጋን የሚነካው ልጅ ጨዋ ነው፤ አልቀየምኩትም። አንዲቷን ቁልፍ ሲጫን የከበሮ ድምፅ ይወጣል፤ ሌላዋን ሲጫን ጸናጽል ይንሿሿል። ከመድረኩ ሥር ግን እውነተኛ ከበሮ ያነገቱ፣ እውነተኛ ጸናጽል የጨበጡ ሊቃውንት «ሰዓት ከተረፈ ትገባላችሁ» ተብለው ቆመዋል። ይህ የሆነው በየት ሀገር ነው? በጎንደር! ከየአህጉረ ስብከቱ የአቋቋም ተማሪ ሊያስመሰክር ወደ በአታ ደብር በሚመጣበት ሀገር! ቅዱስ ያሬድ ዓለምን ንቆ ገባበት በሚባለው በሰሜን ተራራ ግርጌ!

ደግሞ ልጁ የሚኖረው በሰርግ ነውና ጣቱ አመሉን አልተወም። መዝሙሩን በእርጋታ ጀመረና መሀል ላይ ሳያውቀው ወደ እስክስታ ምት ገባ። ከኋላዬ የተቀመጡት እናቶች ትከሻቸው ሲነቃ አየሁ። ከኮሚቴውም አንዱ አጨብጭቦ ነበር፤ ቄሱ ሲያዩት እጁን ኪሱ ከተተ።

ኦርጋን ብርቅ ሆኖብኝ የማማርር እንዳይመስላችሁ። በ1512 ዓ.ም. ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ከሰይፉ፣ ከመድፉና ከዓለም ካርታው ጋር ኦርጋንም ይዘው ነበር። ማኑኤል ደ ማሬስ የሚባል ተጫዋችም አስከትለዋል፤ አብሯቸው የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ጽፎታል። ታዲያ አምስት መቶ ዓመት አለፈ፤ ማኅሌታችን ግን ያኔም በመቋሚያ፣ በከበሮና በጸናጽል ነበር፣ ዛሬም በዚያው ነው። ዜማው በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ እየሄደ፣ ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተሳበ፣ እየተንሸራተተ ይፈሳል። ያ ልጅ የሚነካው ኦርጋን ግን ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ይዘላል። እንግዳ ሆኖ ቢመጣ ምንም አልነበረም፤ ባለቤቱን ከደጅ አቁሞ ወንበር መያዙ ነው የከነከነኝ።

ቀጥሎ ልመናው መጣ። አንድ በግ ሦስት ጊዜ ለጨረታ ቀረበ፤ የገዛው ሁሉ «ለቤተ ክርስቲያን መልሻለሁ» ይላል። በጉ ሦስቴ ተሸጦ አሁንም ባለቤት የለውም። ከዚያ ቃል መግባት ሆነ። «አምስት ኩንታል ሲሚንቶ!» እልል! «አሥር ኩንታል ሲሚንቶ!» እልል! ከዋሽንግተን በስልክ የገባ አንድ ወንድማችን ሃያ ኩንታል አለና እልልታው ከኦርጋኑ በለጠ።

አንድ ሰው ግን ተነስቶ «ይህ ግንብ በምን ተሠራ?» አላለም። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ ወዲህ የተነሳው የነገሥታት ዘመን ግንብ የድንጋይና የኖራ ሥራ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፤ ክረምት የጠጣውን ርጥበት በበጋ ይተፋዋል፣ ግንቡ ትንሽ ሲላወስም አብሮት ይላወሳል። ሲሚንቶ ግን ግትር ነው። ርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ መውጫ ያጣው ውኃ ድንጋዩን ይልጠዋል። ይህን ለማወቅ ፈረንጅ ሀገር መማር አያሻም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የነገሥታቱን ግቢ በሲሚንቶ ጠጋግኖት ሄደ፤ ኋላ እሱን ማንሣትና በኖራ መተካት ሌላ ሥራ ሆነ። ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እኛ ግን ትምህርቱን ሳንመዘግብ ቀረን።

ለእኔ የገባኝ ያን ዕለት ነው፤ ኦርጋን ለዜማው፣ ሲሚንቶ ለግንቡ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሁለቱም ፈጣን፣ ሁለቱም ጠንካራ፣ ሁለቱም በየሱቁ ያሉ። ሁለቱም ያንን አሮጌ ነገር «እኔ እይዝሃለሁ» ብለው እስትንፋሱን ይዘጉታል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ይባላል። ጠላት ያኔ እሳት ይዞ መጣ፣ ንቡም አወቀው። ዛሬ ወዳጅ ሲሚንቶ ተሸክሞ፣ ኦርጋን አስቀድሞ፣ እልል እያለ ሲመጣ ንቡ በማን ላይ ይነሳ?

መድረክ መሪው ማይኩን ይዞ ወደ እኔ መጣ።

«አባታችን፣ እርስዎስ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ልበል?»

«አንድ ኩንታል ኖራ በል።»

ልጁ ትንሽ አሰበና «ኖራው ወደ ሲሚንቶ ሲመነዘር ስንት ይመጣል?» አለኝ። ሕዝቡ መልስ የሰጠሁ መስሎት አጨበጨበ።

የሚበጀውንማ ነግሬአቸዋለሁ፤ ጆሮ የሰጠ እንጂ የለም። ለሚመጣው ጊዜ የበአታን ሊቃውንት ጥሩ፤ ወረቡን ያለ ማይክ ያሰሙ፤ የኖራ ሥራ የሚያውቅ ሽማግሌ ግንበኛ ሳይሞትብን ፈልጉና አጠገቡ ሁለት ጎረምሳ አቁሙ፤ ቃሉም በኖራ፣ በድንጋይና በግንበኛ ቀን ይገባ። ሀብታሙም እልልታው አይቀርበት፤ ለኖራም እልል ይባላል።

በስተመጨረሻ ጋቢዬ ነጭ ዱቄት ሲለብስ ጊዜ መቶ ብር አወጣሁና ያንን የድምፅ ማጉያ ሣጥን ከግንቡ እንዲያርቁት ለአስተባባሪዋ ልጅ ሰጠኋት። እጅ ነስታ ተቀበለች። ሣጥኑ ንቅንቅ አላለም። ስሜ ግን በዚያው በሣጥኑ ከነአባቴ ተጠራ፤ ደረሰኙም ላይ «ለሲሚንቶ መግዣ» ተብሎ ተጽፏል።