የሦስት ቀን ጎንደሬ

ጥር በገባ ቁጥር ፒያሳ ላይ ማኪያቶዬን ይዤ እቀመጥና እንግዳ እቆጥራለሁ። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የመጣው መኪና ገና ሳይቆም መስኮቱ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ብቅ የሚለው ስልክ ነው፣ ቀጥሎ ስልኩን የያዘው እጅ፣ በመጨረሻ ሰውየው። ባህል ሊቀምስ መጥቷል። ከአዲስ አበባም ይምጣ ከዋሽንግተን፣ ፈረንጅም ይሁን የራሳችን ሰው፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ያልተበረዘው፣ ዋናው ጎንደር የት ነው?»

ይህን የሚጠይቀው እንግዲህ ፒያሳ ላይ ቆሞ ነው። ስሙ ጣሊያንኛ በሆነ አደባባይ፣ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ባቆማቸው ሕንጻዎች ጥላ ሥር፣ ጣሊያን ያስለመደንን ማኪያቶ ፉት እያለ። እኛም ጨዋዎች ስለሆንን «የተበረዘውን እኮ እየጠጣኸው ነው» አንለውም። ወደ ግቢው እንጠቁመዋለን። ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆረው፣ እስከ ምንትዋብ ድረስ ንጉሥ በንጉሥ ላይ እየጨመረ ከመቶ ዓመት በላይ የገነባው ግቢ በ40 ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ ውስጥ 30ው ለእስክስታ ፎቶ ነው።

እንግዳ እንዳይከፋው ያላደረግነው የለም። ድሮ ቡና የሚፈላው ጎረቤት ተጠርቶ ነበር፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል የሰፈሩ ሙግት ታይቶ ብይን ያገኛል። ይህ አውሮፕላን ለሚጠብቀው ሰው አይመችም። ስለዚህ አሳጠርንለት። በገባሁበት አንድ ሆቴል መግቢያው ላይ የፕላስቲክ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ አንዲት ልጅ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ረከቦት ፊት ተቀምጣ አየሁ። ቡናው የመጣልኝ ከማሽን ነው፤ ጀበናው ለፎቶ ነበር። የፕላስቲክ ቄጤማ ጥቅሙ አለመጠውለጉ ነው። የምትጠወልገው ልጅቷ ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ፈገግ ማለት አለባትና።

ልብሱንም አቃለልንለት። ጥለቱ ከሸማኔ መወርወሪያ ሳይሆን ከኮንቴይነር የወረደ፣ የፋሲል ግንብ ደረቱ ላይ የታተመበት ነጭ ልብስ ፒያሳ ላይ በሽ ነው። አሥር ሆነው አንድ ዓይነት ለብሰው ሲወርዱ የማኅበር መዘምራን ይመስላሉ፤ መዝሙሩን ግን አይችሉትም።

የሚያሳዝነኝ የሆዳቸው ነገር ነው። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ገሃድ ነው፤ አገር ይጾማል። እንግዳችን በዚያ ቀን የተዘጋ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሞ «ጎንደር ድረስ መጥቼ ቁርጥ ሳልበላ ልመለስ?» ይላል። ሽሮና የሱፍ ፍትፍት ሲቀርብለት «ይሄማ ቤቴም አለ» ብሎ ፊቱን ያጠቁራል። ጾሙ ራሱ ባህል መሆኑን ማን ደፍሮ ይንገረው? ባዶ ሆድ ፎቶ ላይ አይወጣም። ኮረፌ እናምጣልህ ብንለው ጣሳውን ከፍ ዝቅ አድርጎ አየና «የታሸገ የለም?» አለ። የለም ስንለው አኮረፈ። እንዲህ ነው ኮረፌ፤ አንዳንዱን ያሰክራል፣ አንዳንዱን ያስኮርፋል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያዳናት የንብ መንጋ ነው ይላሉ አባቶች። ዛሬ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ለማንሳት በጀርባው የተንጋለለ፣ ካህኑ «ፍላሽ አጥፋ» ሲሉት «አንድ ብቻ» የሚል ሠራዊት በየዓመቱ ይገባል። ንቦቹን ስጠብቅ ስንት ጥር አለፈ! ድርቡሽ ሰይፍ ይዞ ስለመጣ ነው መሰል የነደፉት፤ የፎቶ ዱላ ጦር መሆኑን ገና አልተረዱም።

ከከተማው ወጣ ስንል ወለቃ አለ። ቤተ እስራኤሎቹ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ ብዙ ዓመት ሆነ፤ እንግዳው ግን የዳዊት ኮከብ ያለበትን የሸክላ አንበሳ ከቀሩት ጎረቤቶች ይገዛና «ከነሱ እጅ ገዛሁ» ብሎ ይሄዳል። እንግዳው የሚጠራቸው «ፈላሻ» የሚለው ስም ባለቤቶቹን የሚያስቀይም መሆኑ ከዋጋው ውስጥ አይታሰብም። ሰሜን ተራራ ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ጥርት ያለ ነው፤ በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግች መንደር ሰዎች ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። አሁን እንግዳው ጭላዳውን እያየ «የሰው እጅ ያልነካው» ብሎ መጻፍ ይችላል። እጁን አንስተንለታልና።

ወደ ጥምቀቱ ልመለስ። በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓሉን በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ ደስ አለን፣ አጨበጨብን። ወር ከምናምን ሳይቆይ፣ ጥር 11፣ በፋሲል መዋኛ ዳር ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደረመሰና ቢያንስ 10 ሰው ሞተ። እዚህ ላይ አልሸሙጥም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ያ ውኃ ከቀሃ ወንዝ ተመርቶ፣ በዋርካ ሥር በታቀፈው ግንብ መካከል የሚሞላው ሊጠመቁበት እንጂ ሊያዩት አይደለም። ጥምቀት ተመልካች ካበዛ እንጨት ይበዛል፤ እንጨቱን የሚቆጣጠር ግን ቅርሱን የሚመዘግበውን ያህል አልበዛም።

እንግዳዬ ግን ይህን አልሰማም፤ ማታ አዝማሪ ቤት ነበር። አዝማሪው ማሲንቆውን ገዝግዞ፣ ስልኩን ወደ ራሱ አዙሮ የሚቀርጸውን እንግዳ ገረመመውና አወረደበት፦

እንግዳ ሰው መጣ፣ ከሩቅ አገር ሰምቶ፤
እኛን ሊያይ ነበር፣ ሄደ ራሱን አይቶ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንግዳው አስጎብኚውን ዞር ብሎ «ምን አለ?» ሲለው «እንኳን ደህና መጣህ ነው የሚለው» ብሎ ተረጎመለት። ምን ያድርግ? የእሱም እንጀራ ነው። እንግዳው ደስ ብሎት ተነሳ፤ ብር አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈለት፤ እሱንም ቀረጸው። ሰሙን ገዛ፤ ወርቁ እኛው ዘንድ ቀረ። በዚህ ንግድ ያተረፍነው ብቸኛ ነገር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ስል እንግዳ አይምጣ ማለቴ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት መንገዱ ተቸግሮ፣ አስጎብኚው ሥራ ፈትቶ ፒያሳ ላይ ከኔ ጋር ማኪያቶ ሲቆጥር ያየሁ ሰው ነኝ። ይምጣ። ብቻ ሲመጣ አንድ ቤት ገብቶ ይቀመጥ፤ አቦሉን ጠጥቶ በረካውን ይጠብቅ፤ ገሃድ ከሆነ ከእኛው ጋር ይራብ።

ዘንድሮም የኛ እንግዳ ጥር 11 ከሰዓት በኋላ ሻንጣውን አሰረ። «ጥምቀትን ከነሙሉ ሥርዓቱ አየሁት» ብሎ እጄን ጨበጠኝ፤ መኪናው ወደ አዘዞ ወረደ።

የሚካኤል ታቦት የሚገባው ጥር 12 ነው።