ስካር የገደለው አባት

ልጄ በ2023 ስድስት ዓመቷ ነበር። «አንበሳው ንጉሥ»ን ስንት ጊዜ እንዳየችው አልቆጠርኩም፤ እኔ ግን የሲምባን አባት ሙፋሳን ጆሃንስበርግ፣ ኬንዚንግተን፣ እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ ከአርባ ጊዜ በላይ ቀብሬዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ሽንኩርት ስታቁላላ ልጅቷ ወጥ ቤት ገባችና፣ «እማዬ፣ የሲምባን አባት እኮ ስካር ነው የገደለው» አለቻት።

«ስካርማ የስንቱን ቤት አፈረሰ፣ ልጄ!» አለች ባለቤቴ። ዐይኗ ያረፈው ግን እኔ ላይ ነበር።

ፊልሙን ላላየ ሰው ልንገረው፦ ስካር የሙፋሳ ወንድም፣ የሲምባ አጎት ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ጠባሳ ማለት ሲሆን፣ ዐይኑ ላይም ጠባሳ አለበት። ወንድሙን ገደል ከትቶ ገድሎ ዙፋኑ ላይ ይቀመጣል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው በማግስቱ ወንድሜ ስለመጣ ነው።

ወንድሜ ራስተንበርግ ሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ሱቅ አለው። ብርድ ልብስና ጫማ ሊጭን ጄፒ ሲመጣ እኛ ዘንድ ያድራል። (መንገዱ ራሂማ ሙሳ ከተባለ ዓመታት አልፈዋል፤ ለሐበሻ ግን ያው ጄፒ ነው።) ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። በልጅነታችን ፍየል ስንጠብቅ የፈነከትኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። ወንድሜ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ሁለተኛውን ካስል ቢራ ሲከፍት ልጄ ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ጠባሳውን አየች፣ የኔን ወንበር አየች፣ እሱን አየች።

«አንተ ስካር ነህ» አለችው።

«ኧረ ሁለተኛዬ ነው!» አለ ወንድሜ ጠርሙሱን ከጀርባው እየደበቀ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ጉሮሮዋን ጠረገች።

ነገሩን ባስረዳው የባሰ ተቀየመ። «እኔ? እኔ አንተን ገደል? ይቺ ልጅ ምንድነው የምታየው?» ብሎ ፊልሙን ሊመረምር ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ አለ። ወሩ በ2023 መብራት በቀን ሦስቴም አራቴም ከሚሄድባቸው ወራት አንዱ ነበር። ልክ ሙፋሳ ገደሉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ «ወንድሜ፣ አድነኝ» ሲል ሎድሼዲንግ መጣ። ወንድሜ በጨለማ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ «አወጣው አይደል?» አለኝ። «በኋላ ታየዋለህ» አልኩት።

ጎረቤታችን ጎጎ፣ ዙሉዋ አሮጊት፣ ይህን ስትሰማ ሳቀች። በነሱ ቋንቋ የአባት ታናሽ ወንድም «ትንሹ አባት» ነው የሚባለው። ቃሉ ምላስ ማስጮህ ስለሚጠይቅ እኔ አልደፍረውም። እንግዲህ ሲምባ የዙሉ ልጅ ቢሆን ኖሮ ትንሹ አባቱ ትልቁን አባቱን ገደለበት ማለት ነው። የፊልሙን መክፈቻ በዙሉ ያዜመው ደግሞ የሶዌቶው ልጅ ሌቦ ኤም ነው።

ከዚያ ወዲህ የልጆች ፊልም የማየው እንደ እድር ጸሐፊ ነው። የባምቢ እናት በ1942 በአዳኝ ጥይት ሞተች። የኒሞ እናት በ2003፣ ፊልሙ ገና አፉን ሳይከፍት፣ ከነእንቁላሎቿ በዓሣ ተበላች። የ«ፍሮዝን» ንጉሥና ንግሥት በ2013 መርከብ ሰጠመባቸው። ሲንደሬላንማ ተዉት፤ «እንጀራ እናት» ተብላ እንጀራ የማትሰጥ ሴት ያየሁት እዚያ ነው። በእኛ እድር ቢሆን ካዝናው በአንድ ዓመት ባዶ ይቀር ነበር።

ምክንያቱ ገብቶኛል። ወላጅ ካለ ልጁ ከቤት አይወጣም፤ ልጁ ካልወጣ ደግሞ ፊልም የለም። ግን አክስቶቹስ? ሙፋሳ ሐበሻ ቢሆን ሲምባ ሮጦ የት ይደርሳል? ለቅሶ ቤቱ በር ላይ ሰባት አክስት ተቀምጣለች። ስካር «አደጋ ነው» ሲል አንዷ ተነስታ «አንተ የት ነበርክ?» ትለዋለች፣ ሌላዋ ሽማግሌ ትጠራለች፣ ሳልስት ሳይወጣ ጉዱ ይፈላል። ያለአክስት ያደገ ፊልም ነው። ከልጆች ፊልም ጋር የታረቅኩት «ኮኮ» ላይ ነው፤ ጫማ ይዛ የምታባርር አያት ሳይ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

አንዱ የፊልሙ ቤተሰብ ግን እውነት ነው፦ ቲሞንና ፑምባ። ወላጅ የሌለውን ልጅ ሁለት ወንደላጤዎች ትል እያበሉ ያሳድጉታል። እኔንም ጄፒ አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ወንደላጤዎች በፓፕ (በበቆሎ ገንፎ) አሳድገውኛል። አንዱ ያንኮራፋል፣ ሌላው ምግብ ያሳርራል። «ሃኩና ማታታ»ን ደግሞ መጀመሪያ የሰማሁት ከፊልም አይደለም። ታንዛንያ ውስጥ ሌሊት ሸራ የለበሰ መኪና ላይ ሲጭነን አንድ ደላላ ነው ያለን። ችግር የለም ማለት እንደሆነ ተነገረን። ነበረ።

ቲሞንና ፑምባ የሚያዜሙት የአንበሳ ዘፈንም የዚህ ከተማ ልጅ ነው። ሰለሞን ሊንዳ በ1939 በጋሎ ስቱዲዮ «ምቡቤ» ብሎ ቀዳው፤ አንበሳ ማለት ነው። መብቱን በአሥር ሽልንግ ሸጦ በ1962 ድሃ ሆኖ ሞተ። ዘፈኑ ዓለምን ሲዞር ልጆቹ በችግር ኖሩ፤ በ2004 ዲዝኒ ተከሰሰ፣ በ2006 ስምምነት ተደረገ። የሲምባን ውርስ ለማስመለስ አንድ ሰዓት ተኩል በቃ፤ የሊንዳ ልጆች ግን ከአርባ ዓመት በላይ ጠበቁ።

ወንድሜ ከመሄዱ በፊት እሱንና ልጄን ኖርዝክሊፍ ኮረብታ ወሰድኳቸው። ከተማው ከሥር ተዘርግቷል፣ ድንጋዩ ጫፍ ላይ አጥር የለም። ወንድሜ «ና ፎቶ እንነሳ» ብሎ እጁን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ ልጄ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ። «አባዬ፣ ከሱ ጋር ገደል አጠገብ አትቁም!» በመሐላችን ገብታ የኔን ቀበቶ ጨብጣ፣ እሱን ሦስት እርምጃ ወደ ሜዳው መለሰችው። እሱም እሺ ብሎ ቆመ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ፎቶውን ሆሳዕና ከተማ ላለችው እናታችን ላክንላት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች።

«ምነው ልጄ እንደ ባዳ ርቆ ቆመ? ተጣልታችኋል እንዴ?»

ከየት እንደምጀምር ስላላወቅኩ ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት።

«አያቴ» አለች ልጄ በጣም ተጠንቅቃ፣ «ስካር ነው።»

«ውይ!» አለች እናቴ። «ያንን ቢራ ተው ብዬው ነበር።»