ክብር ለ0.05

አንድን ነገር «አውቃለሁ» ለማለት ምን ያስፈልጋል? አፍላጦን በዚህ ጥያቄ ላይ ቴአቴጦስ የተባለ መጽሐፍ ጽፏል። ሶቅራጥስ የሚቀርቡለትን መልሶች አንድ በአንድ ካፈረሰ በኋላ፣ የተከሰሰበት ጉዳይ ስለሚጠብቀው ተነስቶ ይሄዳል። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ደግሞ ፀሐይ እስከ ዛሬ መውጣቷ ለነገ በምን ዋስትና ይሆናል ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ሲያስጨንቀው ምን እንደሚያደርግ በ1739 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ነግሮናል፤ ከወዳጆቹ ጋር እራቱን በልቶ፣ ተጫውቶ፣ ስቆ ይረሳዋል። ፈላስፎች ከዚህ ጥያቄ የሚወጡት እንግዲህ በበሩ ነው።

በ1912 በርትራንድ ራስል አንዲት ዶሮ ጨመረበት። ዶሮዋ በየቀኑ ጥሬ የሚበትንላትን ሰው እያየች ነገም እንደሚመግባት ትጠብቃለች፤ አንድ ቀን ያው እጅ አንገቷን ይጠመዝዛል። ራስል የፋሲካን ዋዜማ አዲስ አበባ ውሎ ቢሆን ኖሮ ምሳሌውን ለማስረዳት ያን ያህል ባልደከመ።

ደግነቱ ያ ሁሉ ጭንቀት ዛሬ የለም። ጥያቄው ተፈትቷል። መልሱ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም 0.05 ነው። ከዚያ በታች የመጣው «እውቀት» የሚል ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ በላይ የመጣው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በዩኒቨርሲቲ ደጅ ያለፈ ሰው ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል። ተማሪው የለፋበትን ዳታ ይዞ አማካሪው ቢሮ ይገባል።

«ዶክተር፣ ፒ ቫልዩው 0.06 መጣብኝ።»

«ትንሽ ሰው ጨምርበት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሲግኒፊካንት ይሆናላ!»

አፍላጦን ነገሩን በዚህ ፍጥነት መጨረስ አልሆነለትም።

የሚገርመው ፒ ቫልዩ የሚባለው ይህ የተከበረ ቁጥር የሚናገረው ነገር በጣም ጥቂት ነው። «ምንም የተለየ ነገር የለም ብለን ብንነሳ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ከመቶ ስንት ጊዜ ይመጣል?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፣ በቃ። መላምቱ እውነት ነው አይልም። ተመራማሪው የተሳሳተበት ዕድል አምስት በመቶ ብቻ ነው አይልም። ግኝቱ ለማንም ይጠቅማልም አይልም። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 ይህንኑ በመግለጫ ለማስረዳት ተገዷል። ማኅበሩ በ1839 የተቋቋመ አንጋፋ ድርጅት ነው፤ እንዲህ ያለ የሀሁ ትምህርት በአደባባይ የሰጠው ቢቸግረው ነው።

ቁጥሩን ዙፋን ላይ ያወጣው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ነው። ሮተምስቴድ በተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባው ወተቱ ከሻዩ በፊት ይቀዳ ወይም በኋላ ቀምሳ እንደምትለይ ተናገረች። ፊሸር ከዚህ ተነስቶ አንድ ፈተና አሰናዳ፤ ስምንት ስኒ፣ አራቱ ወተት የቀደመባቸው፣ አራቱ ሻይ የቀደመባቸው። አራቱን ስኒ በግምት ብቻ ያለ ስሕተት ለይቶ ማውጣት ከ70 አንድ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። ሐሳቡ ንጹሕ ነው፤ የሰውን ቃል በአጋጣሚ ሚዛን መመዘን። ከ20 አንድ፣ ማለትም 0.05 የሚለውን መስመር ግን በ1925 በወጣው መጽሐፉ ላይ ያሰመረው ስለሚያመች ነበር። ጉልበት ሊባክንበት የማይገባውን የእርሻ ሙከራ ለመለየት የምታገለግል የእጅ መሣሪያ ነበረች። በ1956 ደግሞ፣ በየዓመቱና በየሁኔታው በአንድ ቋሚ መስመር ላይ ተመሥርቶ መላምት የሚጥል ሳይንቲስት የለም ብሎ ጻፈ። አልተሰማም። በዚያን ጊዜ ተከታዮቹ ከመምህሩ በላይ አማኝ ሆነዋል።

መምህሩ ራሱ ደግሞ ለገዛ ማኅተሙ ያለው ታማኝነት እንደ ጉዳዩ ነበር። በ1950 ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የሳንባ ካንሰር የያዛቸውን 649 ወንዶች፣ በሌላ በሽታ ሆስፒታል ከተኙ 649 ወንዶች ጋር አነጻጸሩ። ከካንሰር ታማሚዎቹ መካከል የማያጨሱት 2 ብቻ ነበሩ፤ ከሌሎቹ 27። ፒ ቫልዩው 0.00000064፤ ያውም ፊሸር ባበጀው የስሌት ዘዴ። ፒፓ የማይለየው፣ ለትምባሆ አምራቾችም አማካሪ የሆነው ፊሸር ግን አልተዋጠለትም። ሰውን አጫሽም የካንሰር ታማሚም የሚያደርግ አንድ የጋራ የዘር ውርስ ሊኖር ይችላል አለ።

ክርክሩ በሎጂክ ነውር የለበትም። አብሮ መገኘት መንስኤ መሆንን አያረጋግጥም፤ ዜሮው ቢደረደርም ያው ነው። ዶልና ሂል ያደረጉት ግን ሌላ ሥራ ነው። ከ1951 ጀምሮ ወደ 40,000 የሚሆኑ የብሪታንያ ሐኪሞችን የማጨስ ልማድ መዝግበው፣ ማን በምን እንደሚሞት ለዓመታት ተከታተሉ። ብዙ ያጨሰ ብዙ ሞተ፤ ያቆመ ሰው አደጋው ቀነሰለት፤ ሌሎች በሌላ አገር በሌላ ዘዴ ሲሞክሩትም ያው ሆነ። ሂል በ1965 ባቀረበው ንግግር መንስኤን ለመለየት የሚረዱ ዘጠኝ ማያዎችን ዘርዝሯል፤ የሲግኒፊካንስ ፈተና ከዘጠኙ ውስጥ የለም። እንዲያውም ለማስረጃው የሚጨምረው ነገር የለም እስከማለት ደርሷል። ሰውዬው በሙያው የታወቀ የስታቲስቲክስ ሊቅ መሆኑ ነው ቅር የሚያሰኘው።

እንዲህ ያለ አድካሚ መንገድ ለዛሬ ሰው አይሆንም። ሐኪም እየሞተ አርባ ዓመት ማን ይጠብቃል? የደረጃ ዕድገቱ እኮ የሚጠየቀው ዘንድሮ ነው።

ስለዚህ ጥበቡ ተሻሽሏል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሥነ ባህርይ ተመራማሪ ከነበረው ከብራያን ዋንሲንክ በላይ የሚጠቀስ አርአያ የለም። ዋንሲንክ ከታዋቂነት አልፎ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የአመጋገብ ፖሊሲ ማዕከልን የመራ ሰው ነው። በ2016 በድረ ገጹ ላይ ለወጣት ተመራማሪዎች ይጠቅማል ያለውን ምክር ጻፈ። በአንድ የፒዛ ቡፌ የተሰበሰበ፣ የታሰበለትን ውጤት ያላስገኘ ዳታ ነበረው፤ ለአንዲት ትጉ ተማሪ ሰጥቶ፣ ብዙ ጊዜና ገንዘብ የወጣበት ስለሆነ ከውስጡ የሚወጣ ነገር መኖር አለበት አላት። ተማሪዋም ፈለገች፤ አራት የታተሙ ጽሑፎች ወጡ። ዋንሲንክ ይህን የነገረን ኑዛዜ አስቦ አይደለም። ስለ ትጋት እያስተማረ ነበር። አንባቢዎች ግን ክፉዎች ናቸው፤ ቁጥሮቹን መመርመር ጀመሩ። በ2018 ጃማ የሚባሉት የሕክምና መጽሔቶች በአንድ ቀን ስድስት ጽሑፎቹን ሰረዙ፤ ዩኒቨርሲቲውም የምርምር ሥነ ምግባር ጥሷል ሲል ደመደመ። ጥፋቱ እንደ ሌሎቹ ዝም አለማለቱ ይመስላል።

ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ ሦስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ሲመንስ፣ ኔልሰንና ሲመንሰን፣ በ2011 በተግባር አሳይተዋል። የቢትልስን አንድ ዘፈን ያዳመጡ ተማሪዎች፣ ሌላ ሙዚቃ ካዳመጡት ይልቅ በዕድሜ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ወጣት ሆነው «ተገኙ»። ወጣት መሰላቸው አይደለም፤ የልደት ቀናቸው ነው የተቀየረው። በውሸት የተጻፈ ቁጥር አልነበረም። ሲያመች ሰው መጨመር፣ ሲያመች ማቆም፣ ከተለኩት ነገሮች የሚስማማውን ብቻ መጥቀስ፤ ሁሉም የተለመደ የቢሮ ሥራ ነው። ከእነሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ አንድ የሞተ ሳልሞን ዓሣ የአንጎል ምስል ማንሻ ማሽን ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶግራፍ አሳዩት፤ ሰዎቹ ምን እንደሚሰማቸው እንዲገምትም ጠየቁት። የዓሣው አንጎል በሲግኒፊካንት ደረጃ «አሰበ»። በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦችን አንድ በአንድ የሚፈትን ሰው ጥቂቶቹ በአጋጣሚ እንደሚበሩለት ለማስረዳት ነው ዓሣው የተገዛው። የፈተናው ብዛት ታስቦ ስሌቱ ሲታረም ሳልሞኑ ወደ ሞቱ ተመለሰ።

ዓሣው ቢያስብ ምን ይገርማል? እዚያው ኮርኔል የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳሪል ቤም በ2011፣ ሰዎች ገና ያልሆነውን እንደሚያውቁ በዘጠኝ ሙከራዎች አሳይቶ ነበር። ከሺህ በላይ ተሳታፊ፤ ከዘጠኙ ስምንቱ ከመስመሩ በታች። ጽሑፉ የወጣው በሙያው ከሚከበሩት መጽሔቶች በአንዱ ነው። ሦስት የብሪታንያ ተመራማሪዎች ሙከራውን ደግመው ምንም ስላላገኙ ውጤቱን ለዚያው መጽሔት ላኩ፤ መጽሔቱ የተደገመ ሙከራ አናትምም ብሎ መለሰላቸው። አሠራሩ የሚደነቅ ነው። የመጀመሪያው ሰው ካወቀ ወዲያ ሁለተኛው ለምን ይጠይቃል? ይህን ምክር አልሰማ ያሉ ተመራማሪዎች ግን ተሰባስበው መቶ የሥነ ልቦና ጥናቶችን ደገሙ። ከመነሻዎቹ 97 በመቶው ሲግኒፊካንት ነበሩ፤ ሲደገሙ 36 በመቶው። ውጤቱ በ2015 በሳይንስ መጽሔት ወጣ።

ማኅተሙ ከላቦራቶሪ ወደ ሕዝብ የሚደርሰው ደግሞ በሁለት ቃላት ነው፦ «ጥናት አረጋገጠ»። የአማርኛ ሬዲዮም ሆነ የጋዜጣ የጤና ዓምድ ያለ እነዚህ ሁለት ቃላት አይከፈትም። የማን ጥናት? በስንት ሰው? ምን ተለክቶ? ይህ የተንኮለኛ ጥያቄ ነው። ጋዜጠኛው ጆን ቦሃነን በ2015 ጀርመን ውስጥ 15 ሰዎችን ይዞ፣ 18 ነገር ለክቶ፣ ቸኮሌት የሚበሉ ሰዎች በፍጥነት ይከሳሉ የሚል ጥናት ሠራ። አሥራ ስምንት ነገር የለካ ሰው ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ ሲግኒፊካንት የሚሆንበት ዕድል ወደ 60 በመቶ ይጠጋል፤ ሎተሪው የወጣው ለክብደት ነው። 600 ዩሮ ከፍሎ አሳተመው፣ ቢልድ ጋዜጣ ፊት ገጹ ላይ አወጣው፣ ወሬው አገር ለአገር ዞረ። ሆን ብሎ የሠራው ማታለያ መሆኑን ራሱ እስኪናገር ድረስ ቸኮሌት ክብደት ይቀንስ ነበር።

ሾንፌልድና ዮአኒዲስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በበኩላቸው ከአንድ የምግብ ማብሰያ መጽሐፍ 50 ግብዓቶችን በዕጣ አወጡ፤ ለ40ዎቹ ከካንሰር ጋር የሚያያይዝ ጥናት ተገኘ። ጨው፣ ሽንኩርት፣ ቅቤ፣ ቡና አልቀሩም። አንዳንዱ ያመጣል፣ አንዳንዱ ይከላከላል፣ ብዙው ደግሞ እንደ ጥናቱ ሁለቱንም ያደርጋል። የአበሻ ማጀት ዕጣው ውስጥ ባለመግባቱ ያልተረጋገጠ ወጥ እየበላ ነው።

ሊቃውንቱ ዝም አላሉም። በ2018 የታተመ የ72 ምሁራን ጽሑፍ ለአዲስ ግኝት መስመሩ ከ0.05 ወደ 0.005 ይውረድ አለ። ማኅተሙ ችግር ካመጣ መፍትሔው ጠበብ ያለ ማኅተም ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መጽሔት፣ ሌሎች 88 ምሁራን እያንዳንዱ ተመራማሪ የመረጠውን መስመር በምክንያት ያስረዳ ሲሉ መለሱ፤ ማሰብን የሚጠይቅ በመሆኑ ሐሳቡ ብዙም አልተወደደም። በ2019 ኔቸር ላይ «ሲግኒፊካንት» ማለት ራሱ ይቅር የሚል ጽሑፍ ከ800 በላይ ፊርማ ይዞ ብቅ አለ። አፍላጦን ያልመለሰው ጥያቄ በፊርማ ማሰባሰብ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎራዎች ብልጫ ያለው የቱ እንደሆነ ለመለየትም ያው የታወቀው መንገድ አለ፤ 88ን ከ72 ጋር አነጻጽሮ የሚያሰላ ሰው ፒ ቫልዩው ከ0.2 በላይ ይመጣበታል። ልዩነቱ ሲግኒፊካንት ስላልሆነ 0.05 በሥልጣኑ ቀጥሏል።