የሳባ ጢንዚዛና የኔ ዓይን

ወዳጄ፣ በአንድ ዓይኔ ስጽፍልህ ሽቅርቅርነት ጀምሮኝ እንዳይመስልህ። ነገሩ የመጣው አርባ ምንጭ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ነው። ኧረ አይደለም፣ ገና ከመሄዴ በፊት ነው።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነፍሳት ያጠናል። ልሄድ ስል አልኮል ያለበት ብልቃጥና ወረንጦ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ማታ አምፖል ስር የሚሰበሰቡ፣ ካባቸው ወገባቸው ላይ ያለቀ የሚመስሉ ጢንዚዛዎች አሉ። ስድስት ሰባት ያህል ያዝልኝ። በእጅህ ግን እንዳትነካቸው!» ሕፃን እንኳ የሚፈጽመው አደራ ነው።

ማታ የአልጋ ቤቱ በረንዳ ላይ ቢራዬን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ አንዷ ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አለች። እንዴት ልንገርህ! አንድ ሳንቲ ሜትር አትሞላም። ጭንቅላቷ ጥቁር፣ ደረቷ ብርቱካናማ፣ ድርብ ካባዋ ሰማያዊና አረንጓዴ እየሆነ የሚያብለጨልጭ፣ ሆዷ እንደገና ብርቱካናማ፣ ጫፉ ጥቁር። ጭራዋን እንደ ጊንጥ ቀና እያደረገች ትሮጣለች። «ይቺንማ የዓለም ሊቃውንት አላዩአትም» አልኩ። ወዲያው በስሜ ስትጠራ ታየኝ። የአባቴንም ስም ልጨምር ይሆን እያልኩ ሳሰላስል እሷ እግሯን አወጣች። ወረንጦው? የአፍንጫዬን ፀጉር ነቅዬበት ክፍሌ ውስጥ ትቼዋለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ በሁለት ጣቴ ያዝኳት። ተሙለጨለጨችና አንገቴ ላይ ወጣች። ጯ! አደረግኳት። በዚያው እጄ ደግሞ ዓይኔን አሸሁ። የቀሩትን በወረንጦ ለቅሜ በሰላም ተኛሁ።

ሌሊቱን ምንም የለም፣ ጠዋትም ምንም። በማግስቱ ማታ አዲስ አበባ ስገባ ግን አንገቴ የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ውሃ ቋጥሯል፣ ዓይኔ ድፎ ዳቦ አክሏል። አማቴ ገና ከበር ሲያዩኝ «ምች ነው! ዳማከሴ አምጡ!» ብለው ተነሡ። ያ ልጅ ግን ብልቃጡን ብርሃን ላይ እያየ ይስቃል። «አልነከሰችህም ጋሼ። አትናከስም፣ አትናደፍም። ስትጨፈለቅ ነው ፔዴሪን የሚባለው መርዝ የሚወጣው። ጉዱም የሚታየው ከ12 ሰዓት እስከ 36 ሰዓት ቆይቶ ነው። ወዲያው በሳሙና ብትታጠብ ኖሮ... ኬንያ ውስጥ እኮ የናይሮቢ ዓይን ይሉታል።»

«ስሟስ?» አልኩ፣ በቀረችኝ ዓይን እየተቅለሰለስኩ። ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ኤሪክሰን የተባለ ጀርመናዊ በ1840 ከዘመዶቿ አንዱን «ፔዴሩስ ሳቤዩስ» ብሎታል፤ የሳባ ማለት ነው። ንግሥቲቱ ቀድማኛለች! ሌላውን ደግሞ ራይሽ የሚባል ፈረንሳዊ ከአቢሲንያ በሄደ ናሙና ጽፎታል። አዲስ ዝርያ ነው ለማለትስ? ልጁ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ፣ «ቀለሙ አያስተማምንም፤ ተመሳሳይ ብዙ ነው። የወንዱን ብልት ፈልቅቆ አውጥቶ፣ በኬሚካል አጥርቶ፣ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው» አለ። አማቴ ዳማከሴውን እንደጨበጡ ቀሩ። «የማንን?» አሉ።

እኔ ደግሞ ዝም አልልም። «ታዲያ የኔዋ ወንድ ብትሆንስ?» አልኩ። «አንገትህን እንዲህ ያቃጠለችው ሴቷ ሳትሆን አትቀርም፤ መርዙን የሚሠሩት ሴቶቹ ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው» አለኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው። አርባ ምንጭ ምን ስሠራ እንደነበር ያን ሌሊት ሁለት ጊዜ ተጠየቅኩ።

ስም እንኳ ባይሆን ማስታወሻ አይነፈገኝም ብዬ ለመንኩት። አዲስ ዝርያ ሲገለጽ ለስሙ ዋቢ የሚሆነው ናሙና ቀይ ወረቀት ተደርጎለት ሙዚየም ይቀመጣል አሉ። የኔዎቹ ያገኙት ነጭ ወረቀት ነው። ከስፒሏ ስር የጥፍር ቁራጭ በምታህል ብጣሽ ላይ ቦታው፣ ቀኑ፣ የያዘው ሰው ስም ተጽፏል። አጉሊ መነጽር አምጥቶልኝ፣ ደህናዋን ዓይኔን ደቅኜ አነበብኩት። በአባቴ ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል።