ከበሮ መቺ ጥርስ አያስፈልገውም

እግዜር ሲያዳላ ለከበሮ መቺ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ምቀኛ እንዳትሉኝ፤ ማስረጃ አለኝ።

መጀመሪያ አየሩን ተመልከቱ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኃይሌን ያፈራ አየር ነው ይሉኛል። ይሁን፤ ኃይሌ ሮጠበት እንጂ ትራምፔት አልነፋበትም! የጭላሎ ብርድ ነሐሱን ሲያገኘው ድምፁ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በማርሽ ባንዳችን ዘመን፣ ሰልፉ ሳይጀመር እኛ ነፊዎች ጥግ ይዘን ቱቦውን በትንፋሽ ስናሟሙቅ፣ ያ ከበሮ መቺ "ጭጋጉ ቆዳውን አረገበብኝ" ብሎ ከበሮውን እሳት ዳር ያስጠጋ ነበር። ከበሮውን ብቻ ቢያስጠጋ ምን ነበረበት? ራሱም አብሮ ይሞቃል፤ ያውም የገብስ ቆሎውን እየቆረጠመ። እኛ ቆሎ ቅመን ብንነፋ ፍርፋሪው ቱቦ ውስጥ ነው የሚቀረው። "ምራቅህን ወደዚያ!" ይለኛል ደግሞ። የሚንጠባጠበው ትንፋሽ ብርዱ ውሃ አድርጎት ነው ብዬ ባስረዳው፣ ባስረዳው፣ አልገባውም።

ታሪክ ብጠቅስለትም አይረታም። "ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጣው የነሐስ መሣሪያ ነው" እለዋለሁ። "አልጋ ወራሽ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር፣ ለአገሩ የነሐስ ሙዚቃ አስለመዱ" እለዋለሁ። እሱ ጆሮውን አከክ አድርጎ አንዲት ጥያቄ ይወረውራል፦ "የመንግሥት ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ስሙ ማን ነው?"

ዝም እላለሁ። ነጋሪት ጋዜጣ! ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጁ ሁሉ በከበሮ ስም ይወጣል። መለከት በነገሥታቱ ፊት ያን ሁሉ ዘመን ተነፍቶ፣ በስሙ አንዲት ደንብ እንኳ አልወጣችለትም።

ሰርግ ላይማ አይነሳ። ከንፈሬ እስኪያብጥ ዜማውን የምሸከም እኔ፤ እሱ ችክችካውን ሞቅ ሲያደርገው ሸላሚው ሁሉ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። የእኔስ ግንባር አይደለም? ሙሽሮች ተሸኝተው ዕቃ ሲጫን ግን ያስታውሰኛል፦ "ያንተ ትራምፔት ቀላል ናት፤ ና ይሄን ትልቁን ያዝልኝ!"

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። የማይቻለው የጥርሱ ነገር ነው። ነፊ የፊት ጥርሱን ካጣ ከንፈሩ መደገፊያ ያጣል፤ አበቃለት። የእኔዎቹ ከወለቁ ወዲህ ትራምፔቴ ከሳጥኗ አልወጣችም። እሱ በዚያ በቆሎው ጥርሱን ከእኔ ቀድሞ ጨርሶ፣ ባለፈው ጥምቀት ከበሮውን አንግቶ ከጎረምሶች እኩል ሲዘል ዋለ። እኔን "አባባ፣ እርስዎ ያጨብጭቡ" አሉኝ። ማጨብጨብም እኮ የእሱ ዘርፍ ነው!

በቀደም ደግሞ ቤቴ መጣና "ጥርስህን አስተክል፤ ግማሹን ወጪ እኔ እችላለሁ" አለኝ። ምን ነካህ ብለው፣ "የምሰድበው ነፊ አጣሁ፤ ሰፈሩ ጭር አለብኝ" አይለኝም!

እያሰብኩበት ነው። ፍራቴ፣ ግማሹን ከከፈለ ገና አንዲት ኖታ ስነፋ "ግማሿ የእኔ ናት" ማለቱ አይቀርም።