ሳያስፈቅድ የሚጠፋውን አሮጌ ዴስክቶፕ ሥርዓት ለማስያዝ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በካርቱም ከተማ በዴም ሰፈር የምትኖር፣ ከጅሬፍና ከሰሃፋ ደብዳቤ ልታስጽፍ የምትመጣ ሐበሻ ሁሉ፤

ፔንቲየም ፎር የተባለው የጽሕፈት ቤታችን አሮጌ ባሪያ ቀትር በሆነ ቁጥር ድርግም እያለ፣ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ማመልከቻ በግማሽ እየቀረ፣ ባለጉዳይም እየጮኸ ስላስቸገረ፤ ጥፋቱን አንዱ በቫይረስ፣ ሌላው በቡዳ፣ ሦስተኛው አሜሪካ በሱዳን ላይ በጣለችው ማዕቀብ ስላሳበበ፤ ማዕቀቡ ግን ከጥቅምት 1990 እስከ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሃያ ዓመት ቆይቶ የተነሣ ስለሆነና ከእንግዲህ ሰበብ ሊሆን ስለማይችል፣ እኛ የቤቱ ባለቤቶች የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ትርጓሜ። «ካህረባ (መብራት) ሄደ» ማለት የጣሪያው ማራገቢያ አብሮ ሲቆም ነው። ማራገቢያው እየዞረ ኮምፒዩተሩ ብቻ ከጠፋ ካህረባ የትም አልሄደም። ከጎንደር በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ የሚገባውን የአገራችንን ኃይል በሐሰት ማማት ክልክል ነው። ካህረባው የምር የሄደ ቀን ግን እንደ ልብ ይታማ።

አንቀጽ 2። ስለ ሙቀት። ጠዋት በሰላም ሠርቶ ቀትር ላይ የሚጠፋ፣ ወዲያው ቢጫኑት እንቢ የሚል፣ ሻይ ተጠጥቶ ሲመለሱ ግን ምንም እንዳላደረገ ሰው የሚነሣ ኮምፒዩተር ሕመሙ ሙቀት ነው። በግንቦት ካርቱም በጥላም ከ40 ዲግሪ ታልፋለች። ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል፤ ይህም ራስን መከላከል እንጂ ዐመፅ ስላልሆነ አያስጠይቀውም። የሚጠየቀው ሀቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል ነው፤ ቀርቦ እንዲከራከር ስለማይቻልም በሌለበት ተፈርዶበታል። ማስረጃ፦ የጎኑ ክዳን ሲከፈት በፋኑና ከሥሩ ባለው አሉሚኒየም መካከል የተጠቀጠቀው አቧራ በሁለት ጣት ተይዞ እንደ በርኖስ ቁራጭ ሳይበጠስ ወጥቷል። ከአሉሚኒየሙ ሥር የነበረው ሙቀት አስተላላፊ ፔስትም ደርቆ በጥፍር ይፈረፈር ነበር። ይህን ያዩ ቫይረስ ባዮች አንገታቸውን ደፍተዋል።

ስለዚህ ገመዱ ከሶኬት ይነቀል፤ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ማብሪያው አንዴ ይጫን፤ አቧራው በቀለም ብሩሽ ይጠረግ፤ በጠረጋው ጊዜ ፋኑ እንዳይሽከረከር ክንፉ በጣት ይያዝ፤ አሮጌው ፔስት ተጠርጎ በስሱ አዲስ ይቀባ። በውሃ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ወደ ኮምፒዩተሩ ማዞር ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ርጥበትና የካርቱም አቧራ ሲጋቡ የሚወልዱት ጭቃ ነው።

አንቀጽ 3። ስለ ፓወር ሳፕላይ። ተጠርጎም ከጠፋ፣ በተለይም ፍሪጁ በተነሣ ቁጥር ወይም ሰዓት ሳይመርጥ ከጠፋ፣ ፓወር ሳፕላዩ ይጠርጠር፤ በሚሠራ ሌላም ተቀይሮ ይሞከር። ማዘርቦርዱ ላይ ከቆሙት ካፓሲተሮች አናቱ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያዠ ካለ ግን ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ነው፤ ሌላ ምስክር አያሻም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ብልሹ ካፓሲተር የዓለምን ገበያ አጥለቅልቆ ነበር፤ ባሪያችንም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። የፓወር ሳፕላዩን ሣጥን መክፈት ግን ለማንም አልተፈቀደም። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ የቀረው ኃይል ሰው ይመታል፤ በዚህ አዋጅ ውስጥ ቀልድ የሌለበት ቦታ ይኸው ነው።

አንቀጽ 4። ስለ ምስክር። የዊንዶውስ 7 መዝገብ ሲመረመር «ከርነል ፓወር 41» የሚባል ምስክር በየቀኑ ቆሞ ተገኝቷል። ቃሉ ሲሰማ ግን ኮምፒዩተሩ በወግ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው የተናገረው። ይህንንማ ባለጉዳዩ ሁሉ አይቷል፤ ምስክሩ ተመስግኖ ተሰናብቷል።

አንቀጽ 5። የተሻሩ ልማዶች። ሣጥኑን በጥፊ ማለት፣ ጠበል መርጨት (በማንኛውም ፈሳሽ ላይ ያለው ክልከላ ሃይማኖት አይለይም)፣ «ማፊ ሙሽኪላ» (ችግር የለም) ብሎ ማለፍ ተሽረዋል። ክዳኑን ሳይከፍት ፎርማት ይደረግ የሚል ባሽሙሃንዲስ (መሐንዲስ ነኝ ባይ) ሒሳቡም ቡናውም አይሰጠው።

አንቀጽ 6። ቅጣት። በየአንቀጹ መጨረሻ ኮንትሮልና ኤስን ያልተጫነ ጸሐፊ የጠፋውን ደብዳቤ ባለጉዳዩ ፊት ተቀምጦ በነጻ እንደገና ይጽፋል፤ ባለጉዳዩም በዚያው አጋጣሚ ሐሳቡን የመለወጥ መብት አለው።

ይህ አዋጅ በሩ ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ካርቱም፣ ግንቦት 2010 ዓ.ም.